ለጭነቱ የጠነከረ፣ ለሰው ያልለሰለሰ፦ ከሰጋር በቅሎ እስከ ባሌስትራ

ቆቃ ላይ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሐይቁ ዳር የሚያመራ መንገደኛ ፒስታ መንገዱን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በወገቡ ነው። የስምጥ ሸለቆው አፈር የእሳተ ገሞራ አመድ ያለበት ቀላል አፈር ነው። በበጋ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ በክረምት ጎርፍ ይሸረሽረዋል፤ ጎማ የተመላለሰበት ደግሞ ትንንሽ ትልም እያወጣ ይደድራል። በዚህ ላይ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ አይሱዙውና ላንድክሩዘሩ ይሄዳሉ። የአራቱም ፈተና አንድ ነው፤ ጎማው የመታው ጉድጓድ ተሳፋሪው ዘንድ ሳይደርስ መቅረት አለበት።

መኪና ሳይመጣ በፊት አገራችን ለዚህ ፈተና መልስ ነበራት፤ ሰጋር በቅሎ። ሰጋር በቅሎ ስትራመድ የተቀመጠባትን ሰው አታንገጫግጭም። መኳንንቱ ፈረሱን ለጦርነትና ለጉግስ እያስጎተቱ ረጅሙን መንገድ በበቅሎ ይሄዱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የሰጋር በቅሎ ዋጋም ከሌላዋ በቅሎ ይበልጥ ነበር። አባቶቻችን ፍጥነትንና ምቾትን ለይተው ያውቁ ነበር፤ ለምቾትም ይከፍሉ ነበር።

መኪና ከጅቡቲ ጠረፍ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያመጣው ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ያለፈበት አገር ከመንገድ ይልቅ የግመልና የበቅሎ ዱካ የሚታይበት ነው። የዚያ ዘመን መኪና ደግሞ አካሉን የሚሸከመው እንደ ፈረስ ሠረገላው በተደራረበ ዝርግ ብረት ላይ ነበር። ያ ብረት በእኛ አገር ስሙን ያገኘው ከጣሊያኖች ነው። ባሌስትራ በጣሊያንኛ ፍላጻ መወርወሪያ ቀስት ማለት ነው፤ ብረቱ እንደ ቀስት ይለመጣልና። ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ የሚሉት የጋራዥ ቃላትም ከዚያው ቋንቋ ገብተው አማርኛ ሆነዋል።

የምድር ባቡሩ በሞጆና በናዝሬት (በዛሬዋ አዳማ) አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በሐዲድ ላይ ያለው ጉዞ ለሰለሰ። ከጣቢያው ወዲያ ያለው ግን የጋሪ ሥራ ሆነ፤ ናዝሬትም ለብዙ አሥርተ ዓመታት የጋሪ ከተማ ሆና ኖረች። የጭነት ጋሪ አብዛኛውን ጊዜ ሞላ የለውም፤ ጉድጓዱን የሚቀበለው በአየር የተሞላው ጎማ ብቻ ነው። ጆን ዳንሎፕ በ1888 እ.ኤ.አ. ይህን ጎማ ሠርቶ መብቱን ሲያስመዘግብ መነሻው የልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነበር።

ጋሪው ባህር ማዶም የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ በአሸዋና በገደላገደል የሚነዳው ቀላል መኪና ባጊ ይባላል፤ ባጊ ግን አስቀድሞ የቀላል የፈረስ ጋሪ ስም ነበር። ኦባዲያ ኤሊየት የተባለ እንግሊዛዊ የሠረገላ ሠሪ በ1804 እ.ኤ.አ. ሁለት ቅስት ብረቶችን ፊት ለፊት አጋጥሞ ከሠረገላ በታች ሲያስገባ ሠረገላው ቀለለ፤ ተሳፋሪውም አረፈ። ከ160 ዓመት በኋላ፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ብሩስ ሜየርስ የተባለ የጀልባ ሠሪ በካሊፎርኒያ በፎልስዋገን ክፍሎች ላይ የፋይበር ግላስ አካል ጭኖ «ሜየርስ ማንክስ» የተባለውን ባጊ ሠራ። በ1967 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮን የባሃ በረሃ ውድድር ያሸነፈውም ይኸው ባጊ ነው።

ባጊ ሠሪዎች ቶሎ የተረዱት አንድ እውነት አለ። ከባዱን የብረት አካል ቆርጠህ ብትጥል መኪናው ይቀልላል፤ ሞላው ግን ለቀድሞው ክብደት እንደተሠራ ይቀራል። በቀለለው መኪና ሥር ያው ሞላ ደረቅ ይሆናል፤ ጉድጓዱን ከመዋጥ ይልቅ መኪናውን ያዘልላል። ስለዚህ ባጊ ማለስለስ ማለት ሞላን ከክብደት ጋር ማስታረቅ ነው። መኪናው ተሳፋሪውን ይዞ ሲቆም ሞላው ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ሲሶ ያህሉን ቢወርድ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ የሚገባበትም፣ ጉብታ ሲገጥመው የሚወጣበትም ቦታ ይኖረዋል።

ቆቃ ያደገ ሰው ይህን በግድቡ ሊረዳው ይችላል። የቆቃ ግድብ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 43.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው። ከመብራቱ ሌላ አንድ ሥራ አለው፤ የአዋሽን ድንገተኛ ጎርፍ ተቀብሎ ቀስ እያለ ይለቃል። የሞላና የአሞርዛተር ሥራም ይኸው ነው። ሞላው ምቱን ይቀበላል፤ አሞርዛተሩ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን ዝላይ ያበርደዋል። ግድቡ በደለል ሲሞላ ጎርፍ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል። የሚጨመቅበት ቦታ ያጣ ሞላም እንዲሁ ነው፤ ምቱ በቀጥታ ሻንሲውን፣ ቀጥሎም የሰውን ወገብ ያገኛል።

እኛ አገር ግን የጋራዥ ሥራው የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ማጠንከር። መኪና ተገዝቶ ሲገባ የመጀመሪያው ወሬ ባሌስትራ ማስጨመር ነው፤ ጭነት ይበልጣላ። በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር ውስጥ የአውቶቡስ አካል የሚሠራለትን መኪና ሕዝቡ ቅጥቅጥ ይለዋል። ባሌስትራው የተሠራው ለእህልና ለሲሚንቶ ነው፤ የተቀመጠበት ግን ሰው ነው። ተሳፋሪው ሲያንስ መኪናው ይበልጥ ይደርቃል። ባጃጁም የራሱ ችግር አለበት። ሞላ ቢኖረውም ጎማው ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ጎማ የሚሻገረው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል።

ኪሳራው በሰው ወገብ አያበቃም። ከመቂና ከባቱ የሚወጣው ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ተደራርቦ በኮረኮንቹ ሲናጥ የታችኛው ይጨፈለቃል፤ ገበሬው የደከመበት ገበያ ሳይደርስ ውኃ ይሆናል። የፈረንሳዩ ሲትሮይን ኩባንያ በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጣትን ባለ ሁለት ፈረስ ትንሽ መኪና ሲያስነድፍ ያስቀመጠው መመዘኛ አንድ ቅርጫት እንቁላል ጭና የታረሰ ማሳ ስታቋርጥ አንድም እንዳይሰበር የሚል ነበር። ገበሬን አስቦ የተሠራ ሞላ ማለት ይህ ነው። ቶዮታም በገጠሮቻችን የለመድነውን ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያሻሽል የፊቱን ባሌስትራ አንስቶ በጥምዝ ሞላ ተክቶታል፤ ጭነት በሚያርፍበት በኋላው በኩል ግን በባሌስትራ ቀጥሏል። ለሰውና ለጭነት የሚሆነውን ለይቶ ማየት ይቻላል ማለት ነው።

በእርግጥ መንገዱም ተለውጧል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፍቷል፤ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚዘረጋውም በቆቃ በኩል ወደ መቂና ባቱ ወርዷል። አዲሱ አስፋልት ግን የገበሬውን ማሳ፣ የዓሣ አስጋሪውን ዳርቻና የቀበሌውን መንገድ አይነካም። ጉዞው የሚጀመረውም የሚያልቀውም በኮረኮንች ነው።

ስለዚህ ለመኪና ባለቤቶችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የምለው አለኝ። ተሳፋሪ የምትጭኑ ከሆነ ባሌስትራ ከማስጨመራችሁ በፊት በእርግጥ የሚጫነውን ክብደት አስቡ። ዝገት የያዛቸው የባሌስትራ ብረቶች እርስ በርስ ስለማይንሸራተቱ እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይደርቃሉ፤ ፈትቶ ማጽዳትና ግራሶ መቀባት ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ዘይቱ የፈሰሰ አሞርዛተርና የተበላ ቦኮላ ሳይቀየር ሞላ አትንኩ። ለማለስለስ ብላችሁ ጥምዝ ሞላን አትቁረጡ፤ ሞላ ሲያጥር ይበልጥ ይደርቃል፤ የሚጨመቅበት ቦታም ይቀንሳል። የጎማ አየርም በፋብሪካው ልክ ይሁን፤ ከልኩ በላይ የተነፋ ጎማ እንደ ድንጋይ ነው። የአውቶቡስ አካል የምትሠሩም፣ ከወንበሩ ጨርቅ በፊት ከሥሩ ያለውን ባሌስትራ ተመልከቱ።

ምቾት የሀብታም ቅንጦት አይደለም። ነፍሰ ጡሯ ከቆቃ አዳማ ሆስፒታል የምትደርሰው በዚሁ ባሌስትራ ላይ ተቀምጣ ነው። አባቶቻችን ለሰጋር በቅሎ የሰጡትን ክብር እኛም ለሰው ወገብ እንስጥ።