«ቤት» እና ስሞቹ፦ ከአቡ ዓሪሽ እስከ አገር ቤት

ከጂዛን ከተማ በስተምሥራቅ የምትገኘው አቡ ዓሪሽ፣ ስሟ ራሱ የመጠለያ ስም ነው። «ዓሪሽ» በዐረብኛ ከቅርንጫፍና ከሣር ተሠርቶ ለጥላና ለማረፊያ የሚቆም፣ በአማርኛ ዳስ የሚባለው ነው። በግብፅ፣ በሲና የባሕር ጠረፍ ያለችው አል ዓሪሽም የምትጠራው በዚሁ ቃል ነው። «አቡ» ቃል በቃል «አባት» ቢሆንም በቦታና በቅጽል ስሞች ላይ ብዙውን ጊዜ ባለቤትነትን ያመለክታል፤ ስለዚህ አቡ ዓሪሽ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ባለ ዳሷ» ለማለት ይቀርባል። ከተማዋ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአካባቢው ሸሪፎች መቀመጫ ነበረች፤ ከእነርሱም ስመ ጥሩው እ.ኤ.አ. በ1818 የሞተው ሸሪፍ ሐሙድ አቡ ሚስማር ነው። የገዥዎች መቀመጫ በዳስ ስም መጠራቷ ሊያስገርም አይገባም፤ በቲሃማ ቆላ ለረጅም ዘመን አብዛኛው መኖሪያ የእንጨትና የሣር ሥራ ነበርና።

የዚያ ሥራ ዋነኛ ምሳሌ «ዑሻ» የሚባለው ክብና ጣሪያው ሾጣጣ የሆነ የሣር ቤት ነው። ውጪው በገመድ የተጠፈረ ሣር ሲሆን ውስጡ በጭቃ ይመረግና በቀለም ያሸበርቃል። ዛሬ በጂዛን ከተማ የቅርስ መንደር ውስጥ ለጎብኚ ይታያል። ኢትዮጵያዊ ሲያየው ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል፤ ጎጆ ነው። መመሳሰሉ በቅርጽ ብቻ አይወሰንም። «ዑሻ» የወፍ ቤት ከሚባልበት «ዑሽ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው፤ አማርኛም የሰውንም የወፍንም ቤት «ጎጆ» ይላል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ ትንሿን ቤት ከወፍ ጋር አንድ አድርገዋታል። አማርኛ ከዚህ አልፎ ቃሉን የኑሮ ደረጃ መለኪያ አድርጎታል፤ «ጎጆ ወጣ» የተባለ ወጣት ትዳር መሥርቶ ራሱን ቻለ ማለት ነው እንጂ የግድ የሣር ቤት ሠራ ማለት አይደለም።

ዋናው ቃል «ቤት» ደግሞ የግእዝ፣ የአማርኛ፣ የዐረብኛና የዕብራይስጥ የጋራ ሀብት ነው። የፊደላችን «በ» በጥንት ስሙ «ቤት» ይባላል፤ የዕብራይስጡም ሁለተኛ ፊደል እንዲሁ። በዐረብኛ «ባተ» ማለት አደረ፣ ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ሲሆን «በይት» ከዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ ቤት በመሠረቱ የሚታደርበት ቦታ ነው። አማርኛ ይህን ሐሳብ «አደረ» በሚለው ግሥ በኩል ይዞታል፤ «ማደሪያ» ከእርሱ ይወጣል፤ የላብ አደሩና የጥሮ አዳሪው ስምም የተሠራው ከመተኛት ሳይሆን ኑሮን ከመግፋት ትርጉሙ ነው።

ቃሉ በግድግዳና በጣሪያ አልተገደበም። ቤተ ሰብ፣ ቤተ ዘመድ፣ ባለቤት ሲባል ሰው ነው፤ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ቡና ቤት ሲባል ሥራ ነው፤ ቅኔ ቤትና ዜማ ቤት ሲባል ዕውቀት ነው። በግጥምም «ቤት መታ» ይባላል፤ ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት ነው። በዐረብኛ ሥነ ግጥምም አንዱ ስንኝ «በይት» ይባላል፤ ለሁለት የሚከፈለው ስንኝ እያንዳንዱ ግማሽ ደግሞ የበር መዝጊያ ስም ተሰጥቶታል። በመካ ያለው ካዕባ ያለ ተጨማሪ ስም «አል በይት»፣ ማለትም «ቤቱ» ሲባል ማንም ሌላ ቤት አይጠረጥርም።

ከቤት ስሞች መካከል ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚያሳስቱም አሉ። «ዳር» በአማርኛ ጠርዝ ነው፤ በዐረብኛ ግን በግቢ የተከበበ መኖሪያ፣ እንዲሁም ተቋም ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው «ሰፈር» ነው። በአማርኛ ሰፈር የሚኖሩበት አካባቢ ነው፤ መነሻው የጦር ማረፊያ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1886 በተቆረቆረችው አዲስ አበባ እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉ ስሞች መኳንንቱ ከተከታዮቻቸው ጋር የሰፈሩበትን ቦታ ያስታውሳሉ፤ ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ የባለሙያዎቹን። በዐረብኛ ግን «ሰፈር» ጉዞ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ «ሰፈሬ ናፈቀኝ» ሲል የዐረብ ጎረቤቱ ከቃሉ የሚሰማው መንገድ መሄድን ነው፤ ከአገሩ ርቆ ለሚሠራ ሰው ሁለቱም ትርጉሞች ስህተት አይመስሉም።

«መንዚል» ወረደ ከሚል ግሥ የመጣ ሲሆን መንገደኛ ከግመሉ ወርዶ የሚያርፍበት ነበር፤ ዛሬ በጽሑፍ ለመኖሪያ ቤት የሚያገለግል የተከበረ ቃል ነው። «ሰከን» ግን በአቡ ዓሪሽና በዙሪያው ላሉ ሠራተኞች ከሁሉም የቀረበው ነው፤ «ሰከን አል ዑማል» የሠራተኞች መኖሪያ ነው። ሥሩ ጸጥ ማለትን፣ መርጋትን ያሳያል፤ የደፈረሰ ውሃ ሲጠራ፣ የተቆጣ ሰው ሲረጋጋ በአማርኛ «ሰከነ» ይባላል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበት መኖሪያ ሁልጊዜ ይህን ስሙን የሚያሟላ አይደለም። ቤት የሚከራይ ሰው «ሊል ዓዋኢል» እና «ሊል ዑዛብ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ የመጀመሪያው ለባለ ቤተ ሰብ፣ ሁለተኛው ቤተ ሰቡን ሳይዝ ለሚኖር ነው። ባለትዳር ሆኖ ሚስቱና ልጆቹ ኢትዮጵያ ያሉ ሠራተኛ በማስታወቂያው ቋንቋ ከዑዛብ ይቆጠራል።

በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት «ቤት» ሌላ ትርጉም አለው። «ጥሩ ቤት ገጠማት» ሲባል የሚመሰገነው ሕንጻው አይደለም፤ አሠሪዎቹ፣ የዕረፍት ሰዓቷና ደመወዟ በወቅቱ መከፈሉ ነው። በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት አሠሪው ተስማሚ ማደሪያ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። ማደሪያዋና የሥራ ቦታዋ አንድ ጣሪያ ሥር በመሆኑ ሌላው ሠራተኛ ማታ «ቤቴ ልግባ» የሚለውን እርሷ የምትለው ቀን በጣም ጥቂት ነው።

ሁሉም በኪሱ የሚይዘው ቃል ግን «ኢቃማ» ነው። ከቤት ጋር የማይያያዝ የመንግሥት ወረቀት ቢመስልም ሥሩ አማርኛው «ቆመ» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ ሶላት መቆሙን የሚያሳውቀው ጥሪም ኢቃማ ይባላል። ዐረብኛው ኑሮን በመቆም ሲገልጸው አማርኛው በመቀመጥ ይገልጸዋል፤ «የት ነው የምትቀመጠው?» ማለት የት ትኖራለህ ማለት ነው። በሕግ ፊት የሚቆጠረው ግን መቆሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 «ወጠን ቢላ ሙኻሊፍ»፣ ማለትም «ሕግ ተላላፊ የሌለበት አገር» በሚል ስያሜ የታወጀው ዘመቻ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች ያለ ቅጣት እንዲወጡ በመጀመሪያ የ90 ቀን ጊዜ ሰጥቶ ነበር።

በዚያ ስያሜ ውስጥ ያለው «ወጠን» የትውልድ አገር ነው። ቅጽሉ «ወጠኒ» ግን «ብሔራዊ» ማለት ይሆናል፤ ስለዚህ በቅጽ ላይ «አል ዑንዋን አል ወጠኒ» ተብሎ ሲጠየቅ የሚፈለገው የደሴ ወይም የጎንደር አድራሻ ሳይሆን በሳዑዲ ያለው ብሔራዊ አድራሻ ነው፦ ባለ 4 አኃዝ የሕንጻ ቁጥር፣ የመንገድና የሰፈር ስም፣ ከተማ፣ ባለ 5 አኃዝ የፖስታ ቁጥርና ባለ 4 አኃዝ ተጨማሪ ቁጥር። አጭሩ አድራሻ 4 ፊደላትና 4 አኃዞች አሉት።

ከወጠን ጋር የሚመጣጠነው የአማርኛ ቃል «አገር» ነው። በግእዝ «ሀገር» ከተማ ማለት ነበር፤ በጥንታዊቷ ደቡብ ዐረቢያ የድንጋይ ጽሑፎችም ተመሳሳዩ ቃል ከተማን ያመለክታል። ከዚያ እየሰፋ ሄዶ መላውን ምድር ያዘ። ስደተኛው ደግሞ እንደገና አጥብቦ ከቤት ጋር አጣምሮ «አገር ቤት» አለው። ይህ ጥምር ቃል በዐረብኛ በአንድ ቃል የሚመለስ አይመስልም። አዲስ አበባ ያለ ሰው አገር ቤት ሲል የተወለደበትን ገጠር ነው፤ አቡ ዓሪሽ ያለ ሰው ሲል ኢትዮጵያን በሙሉ፣ አንዳንዴም በላከው ገንዘብ እየተሠራ ያለውንና ገና ያላደረበትን አንድ ቤት ነው። ያ ቤት ሲያልቅ ጎረቤት «ቤት ለእንቦሳ» እያለ ይገባል፣ ውስጥ ያለውም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል፤ ባለቤቱ ግን ምርቃቱን ብዙ ጊዜ የሚሰማው በስልክ ነው።

እዚህ የተወለዱት ልጆች ቃላቱን በሌላ መልክ ደልድለዋቸዋል። ለዕረፍት ወደ ኢትዮጵያ ሲሄዱ «አገር ቤት ሄድን» ይላሉ፤ ዕረፍቱ አልቆ ጂዛን ሲደርሱ ደግሞ «ቤት ገባን» ይላሉ።