ሴኪ ዲስክ

ሴኪ ዲስክ የሐይቅ፣ የግድብ ወይም የባሕር ውሃ ምን ያህል የጠራ እንደሆነ የሚለካበት ክብ ዝርግ ሳህን ነው። ምልክት ባለው ገመድ ወደ ውሃ ወርዶ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት «የሴኪ ጥልቀት» ይባላል።

ስሙ የመጣው ከጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅና የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከአንጄሎ ሴኪ (1818–1878) ነው። ከዋክብትን በብርሃናቸው ኅብረ ቀለም በመመደብ የሚታወቀው ሴኪ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 በሜድትራንያን ባሕር በሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት መርከብ ላይ ሆኖ መጠናቸውና ቀለማቸው የተለያየ ሳህኖችን እያወረደ፣ የፀሐይ ከፍታና የመርከቡ ጥላ እይታን እንዴት እንደሚለውጡ መረመረ። ዛሬ በሐይቆች ላይ የተለመደውን ጥቁርና ነጭ ሳህን አሜሪካዊው ጆርጅ ዊፕል በ1899 አስተዋወቀ።

መሣሪያው በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል። 20 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ክብ ከቆርቆሮ ወይም ከቀለም ባልዲ ክዳን ይቆረጣል፤ ፊቱ አራት ቦታ ተከፍሎ በማያብረቀርቅ ቀለም ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ ይቀባል። መሐሉ ተበስቶ ገመድ ይገባበታል፣ ከሥሩም ብረት ይታሰርበታል፤ ክብደቱ ካነሰ ውሃው ያጋድለዋል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ገመዱ ነው። ሲረጥብ የሚለጠጥ ወይም የሚያጥር ገመድ ልኬቱን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ ገመዱን አስቀድሞ አርጥቦ፣ ሳህኑን አንጠልጥሎ፣ ከሳህኑ ፊት ጀምሮ በየ10 ሳ.ሜ. በማይለቅ ቀለም ምልክት ማድረግ ይገባል።

ልኬቱ በቀትር ገደማ፣ በጀልባው ጥላ በኩል ይወሰዳል። ሳህኑ ሲሰወርና ሲሳብ ዳግም ሲታይ ያሉት ሁለት ጥልቀቶች ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 በአንታርክቲካው ዌዴል ባሕር 79 ሜትር ገደማ የሆነ የሴኪ ጥልቀት ተመዝግቧል።

ለዕፀዋት ምግብ ዝግጅት የሚበቃ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ የሴኪ ጥልቀትን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያህል ይወርዳል። ሳህኑ ግን የድፍርስነቱን ምክንያት አይለይም። በጣና ሐይቅ የግልገል አባይ፣ የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት የሚያስገቡት ደለል ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ ማዳበሪያና ፍሳሽ በሚገባባቸው ሐይቆች ደግሞ ተመሳሳይ ንባብ ከአልጌ ብዛት ሊመጣ ይችላል። ለዚህም ከልኬቱ ጋር ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ፣ አሳርፎ፣ የዘቀጠውን ማየት ይመከራል። ሳህኑ ሳይሰወር ታች ከደረሰ ቁጥሩ የሐይቁን ጥልቀት እንጂ የውሃውን ጥራት ስለማይገልጽ፣ መዝገቡ ላይ «ከዚህ ይበልጣል» ተብሎ ይጻፋል።