ብዛት ያለው የፍላኔል ጨርቅ በአግባቡ ስለመጠቀም

ፍላኔል ከጥጥ ወይም ከሱፍ ክር ከተሸመነ በኋላ ገጹ በደቃቅ የብረት ጥርሶች እየተቧጨረ ስስ ፀጉር እንዲያወጣ የተደረገ ጨርቅ ነው። የስሙና የሥራው መነሻ የዌልስ ምድር ሲሆን በዚያ ይዘጋጅ የነበረው ከበግ ፀጉር ነበር፤ ዛሬ በገበያ የሚገኘው አብዛኛው ፍላኔል ግን የጥጥ ነው። ይህም ጽሑፍ የሚመለከተው የጥጡን ነው።

የጨርቁ ጠባይ በሙሉ የሚመነጨው ከዚሁ ፀጉር ነው። በቃጫዎቹ መካከል የሚታቆረው አየር የሰውነትን ሙቀት ያቆያል፤ ቃጫዎቹ ራሳቸው ደግሞ ፈሳሽ ይመጥጣሉ። ያው አየር ግን እሳት ሲያገኝ ነበልባሉን በጨርቁ ገጽ ላይ በፍጥነት ያስኬዳል። ስለዚህ ከአንድ ጣቃ ፍላኔል ምን ይሰፋ የሚለው ጥያቄ የአምሮት ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጥያቄ ነው። በልገሳ ወይም በጅምላ ግዥ ብዛት ያለው ጨርቅ የሚደርሳቸው የልብስ ስፌት ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት በቅድሚያ ሙቀቱና መጣጭነቱ ይበልጥ ለሚያስፈልጋቸው ወገኖች ቢቆርጡት የተሻለ ነው። እነዚህም አራስ ሕፃናት፣ የሚያጠቡ እናቶችና በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት ገበታ የሚቀሩ ልጃገረዶች ናቸው።

ከመቁረጥ በፊት

የጥጥ ፍላኔል በመጀመሪያው እጥበት በጉልህ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ተቆርጦ የተሰፋ ልብስ ከአንድ እጥበት በኋላ ያጥራል፤ ስፌቱም ይጨማደዳል። በመሆኑም ጨርቁ በሙሉ፣ የሚሰፋው ዕቃ ወደፊት በሚታጠብበት የውሃ ሙቀት፣ አስቀድሞ መታጠብና መድረቅ ይኖርበታል። ሠላሳ ሜትር ጣቃ እንዳለ ለማጠብ አስቸጋሪ ስለሆነ በአራት ወይም በአምስት ሜትር እየተከፈለ፣ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር ተዘምዝሞ ይታጠባል።

ምን ያህል ጨርቅ እንደሚተርፍ አስቀድሞ ለማወቅ በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ቆርጦ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መተኮስና መለካት ይበቃል። ከ50 ሳንቲ ሜትር 3 ከቀነሰ መሰብሰቡ 6 በመቶ ነው፤ ይህም ማለት 30 ሜትር ርዝመትና 110 ሳንቲ ሜትር ወርድ የነበረው ጣቃ ታጥቦ ሲደርቅ 28 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 103 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ይኖረዋል ማለት ነው። ርዝመቱና ወርዱ እኩል ላይሰበሰቡ ስለሚችሉ ሁለቱም ለየብቻ ይለካሉ። ከዚህ በታች የተሰጡት ልኮች ይህን 103 ሳንቲ ሜትር ወርድ መሠረት ያደረጉ ናቸው።

እጥበቱ ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ ጨርቅ በፋብሪካ በተቀባው ማጠናከሪያ ምክንያት ውሃ ሲያርፍበት ቶሎ አይመጥጥም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ለሽንት ጨርቅ ወይም ለወር አበባ መጠበቂያ የሚውል ከሆነ የልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ አይጨመርበትም። ማለስለሻው ቃጫውን ስለሚሸፍነው መጣጭነቱን ይቀንሳል።

በስፌት ጊዜ 14 ቁጥር መርፌ ለአብዛኛው ፍላኔል ይስማማል። ጨርቁ ልል ስለሆነ ለስፌት የሚተወው ጠርዝ ከተለመደው አንድ ሳንቲ ሜትር ሰፋ ብሎ አንድ ተኩል ቢሆን ይመረጣል። ብናኙ ብዙ ስለሆነ በማሽኑ ውስጥ የታችኛው ክር የሚቀመጥበት ክፍል በየጊዜው በብሩሽ ሊጸዳ ይገባል፤ በፍላኔል ሥራ መካከል ክር የሚዘልና የሚበጥስ ማሽን ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን በብናኝ የታፈነ ነው።

ለአራስ ሕፃን

ሕፃን ሲወለድ ሰውነቱ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ በሚተንበት ጊዜ የሰውነቱን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የአራስ ሕፃናትን ሙቀት ስለመጠበቅ የሚሰጠው ምክር ሕፃኑ እንደተወለደ ወዲያው እንዲደርቅ፣ የደረቀበት እርጥብ ጨርቅ እንዲወገድ፣ ከዚያም ከእናቱ ጋር ገላ ለገላ ተገናኝቶ በሌላ ደረቅና ሞቃት ጨርቅ እንዲሸፈን ነው። ስለዚህ ለአንድ ወሊድ የሚዘጋጀው ጨርቅ ከሁለት ሊያንስ አይገባም። አንዱ ማድረቂያ፣ ሌላው መሸፈኛ ነው። የመጀመሪያው ገላ እጥበትም ከተቻለ እስከ 24 ሰዓት እንዲዘገይ ይመከራል።

ከእያንዳንዱ ሜትር አንድ መቶ በመቶ ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ መጠቅለያ ይወጣል። ጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ ታጥፎ ሲሰፋ በየጎኑ 96 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ለአራስ በቂ ነው። ቁልፍ፣ ጥብጣብ ወይም ጌጥ አይደረግበትም። የስፌቱ ጫፍ ክር ደግሞ ከሥሩ ይቆረጣል። ረዥም የተንጠለጠለ ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውርን ሊያቋርጥ ይችላልና ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም።

መጠቅለያ የእናትን ገላ አይተካም። በተለይ ጊዜው ሳይደርስ ወይም ክብደቱ አንሶ ለተወለደ ሕፃን ዋናው የሙቀት ምንጭ የእናቱ ደረት ሲሆን ጨርቁ ሁለቱን በአንድነት ከላይ የሚሸፍን ነው። ሕፃኑ ለብቻው በሚጠቀለልበት ጊዜ እግሮቹን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ ማሰር የዳሌ መገጣጠሚያውን ስለሚጎዳ ከወገብ በታች መላወሻ ይተውለታል። በጀርባው ይተኛል፤ ፊቱም አይሸፈንም። የሕፃን ኮፍያ ግን ከፍላኔል ይልቅ ከሹራብ ወይም ከሚለጠጥ የከነቴራ ጨርቅ ቢሠራ ይሻላል። ፍላኔል ስለማይለጠጥ ወይ ያጠብቃል ወይ ተንሸራቶ ፊት ላይ ይወርዳል።

የሽንት ጨርቅ ለመሥራት ከአንድ ሜትር ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 100 በ50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ቁራጩ በእጥፍ ተሰፍቶ ካሬ ከመሆን ይልቅ ጠርዙ ብቻ ተዘምዝሞ በሚታሰርበት ጊዜ ቢታጠፍ ሳሙናው በደንብ ይወጣለታል፤ በፀሐይም ቶሎ ይደርቃል።

የወር አበባ ንጽህና መጠበቂያ

እየታጠበ የሚያገለግል መጠበቂያ በአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በመቀሌ ከተማ ይህን ዓይነቱን መጠበቂያ በፋብሪካ ማምረት የጀመሩት ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ሆነው መመረጣቸው ይታወሳል። በትምህርት ቤት ክበብ ወይም በመንደር የስፌት ማኅበር የሚሠራው ከፋብሪካው ያነሰ ቢመስልም፣ ጨርቁ በትክክል ከተመረጠና በሚገባ ከታጠበ ያገለግላል።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በአንደኛው መጣጩ ንብርብር ከሽፋኑ ጋር አብሮ ይሰፋል፤ በሌላው መጣጩ ለብቻው ተቆርጦ በመያዣው ላይ ታጥፎ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሲያዩት ያምራል። ሆኖም ስድስት ድርብ ጨርቅ አንድ ላይ ተሰፍቶ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በቀን ውስጥ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ የተለበሰ ጨርቅ ደግሞ ለቆዳ መቁሰልና ለሽታ ምክንያት ይሆናል። በደጋው አካባቢ ሁለተኛው አሠራር ብልጫ አለው። ተዘርግቶ ሲሰጣ አንድ ድርብ ብቻ ከመሆኑም በላይ ከመሐረብ አይለይም፤ ይህም ልጃገረዷ በእፍረት ምክንያት ከፍራሽ ሥር ደብቃ እንዳታደርቀው ያግዛል።

አቆራረጡ እንደሚከተለው ነው። ለመያዣው 20 በ27 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ገጽ ለገጽ ይነባበራሉ፤ ሁለቱም ጫፎች ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ጠበው መካከሉ እንደ ክንፍ ሰፍቶ ይቀራል። ዙሪያው ተሰፍቶ ከተገለበጠ በኋላ ክንፎቹ ከውስጥ ሱሪው በታች በቁልፍ ይያያዛሉ። መጣጩ እንዳይንሸራተት በሁለቱ ጫፍ ላይ አንዳንድ ስስ መቀነት በአግድም ይሰፋል። መጣጩ 28 በ22 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በአራት ሲታጠፍ 7 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ባለ አራት ድርብ ይሆናል። ከአንድ ሜትር ጨርቅ በሁለት ረድፍ አሥር የመያዣ ቁራጭ፣ ከዚያ በታች በሁለት ረድፍ ስድስት መጣጭ ይወጣል፤ ይህም አምስት መጠበቂያና አንድ ተጨማሪ መጣጭ ማለት ነው። አንድ ሜትር ፍላኔል ለአንዲት ልጃገረድ ይደርሳል እንደማለት ነው።

ፍላኔል ፈሳሽ ይመጥጣል እንጂ አያግድም። ውሃ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ ከተገኘ በመያዣው ሁለት ድርብ መካከል ይገባል፤ መርፌ የበሳው ቦታ ስለሚያፈስ መካከሉ አይሰፋም። ካልተገኘም መጣጩን ቶሎ ቶሎ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ መለወጥ ያስፈልጋል። ፌስታል ማስገባት ሙቀትና ላብ ስለሚያፍን አይመከርም። በሚታጠብበት ጊዜ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን በጨርቁ ላይ ያረጋዋል። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ፣ በሚገባ ተለቃልቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ በማይኖርበት ወቅት በካውያ መተኮስ ይረዳል። ጨርቁ ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም እንዲሆን የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ለመጣጩ ፈዛዛ ቀለም ቢመረጥ መጽዳቱን በዓይን ለማረጋገጥ ያስችላል።

ከእሳት ጋር ስላለው ጉዳይ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ርካሽ የጥጥ ፍላኔል የለበሱ ሕፃናት በቤት ምድጃ አጠገብ እየተቃጠሉ መሞታቸው ትልቅ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ታናሹ ዊሊያም ሄንሪ ፐርኪን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ጨርቁ እሳት እንዳይዘው የሚያደርግ የቆርቆሮ ጨው አነካከር የፈለሰፈው በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የእንግሊዝ ሕግም እሳት የማይዘው ተብሎ የሚሸጥ ጨርቅ ላይ ቁጥጥር አደረገ።

ይህ ታሪክ ሩቅ ቢሆንም ጉልቻ፣ የከሰል ምድጃ፣ ኩራዝና ሻማ ባለበት ቤት ሁሉ ምክንያቱ ያው ነው። ስለዚህ ሰፊና ረዥም የሌሊት ቀሚስ፣ እጅጌው የተንዘረፈፈ ካፖርት፣ የማዕድ ቤት ሽርጥ፣ የምድጃ አካባቢ መጋረጃና ድስት ማንሻ ከፍላኔል አይሰፉም። ለድስት ማንሻ ያረጀ የጂንስ ሱሪ እጅግ ይሻላል። ለልጆች የሌሊት ልብስ የግድ ከፍላኔል የሚሰፋ ከሆነ ከገላ ጋር ተጠግቶ የሚገጥም፣ አንጓና ቁርጭምጭሚቱ የተሰበሰበ ሱሪና ሸሚዝ ይሁን። ለልጅ ልብስ እንዲያድግበት ተብሎ ሁለት ቁጥር አስፍቶ መስፋት ቁጠባ ነው፤ በፍላኔል ልብስ ላይ ግን አደጋ አለው። በቤት ውስጥ በተለያየ ኬሚካል ነክሮ እሳት እንዳይዘው ማድረግም አያስተማምንም፤ ቢሠራ እንኳ በእጥበት ይለቃል።

ልብስ በሰው ላይ ሲቀጣጠል ሰውየው እንዳይሮጥ መከልከል፣ መሬት ላይ አስተኝቶ ማንከባለል ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኖ ማጥፋት ያስፈልጋል። የተቃጠለው ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ በረዶ አይደረግበትም። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡናም ሆነ እንቁላል አይቀባም። ተጎጂው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ቀሪው ጨርቅና ቁርጥራጩ

ከ28 ሜትሩ አሥሩ ለአምስት ወሊድ መጠቅለያ፣ አሥሩ ለአሥር ልጃገረዶች ቢውል ስምንት ሜትር ያህል ይተርፋል። ከዚህ ውስጥ ለልጆች ጃኬት ገበር መሥራት ጨርቁን ከሁሉ በላይ ያስከብረዋል። ከላይ ውፍረት ያለው ጨርቅ ስለሚሸፍነው ፀጉሩ ለእሳት አይጋለጥም፤ ሙቀቱ ግን አይቀንስም። ለእጅጌው ሌላ ለስላሳ ገበር ይደረጋል፤ ፍላኔል በእጅጌ ውስጥ ከሹራብ ጋር እየተያያዘ መልበሱን ያስቸግራል።

ያረጀ ጋቢ ወይም የሳሳ ብርድ ልብስ በሁለት የፍላኔል ገጽ መካከል ገብቶ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በቀጥታ መስመር ሲሰፋ ለሽማግሌዎችና ለታመሙ ሰዎች የጉልበት መሸፈኛ ይሆናል። ምድጃ ዳር ለሚቀመጥ ሰው ግን ቡሉኮው ይመረጣል። የሙቅ ውሃ ላስቲክ ሽፋንም ከፍላኔል ይሠራል፤ ላስቲኩ አራስ ሕፃን ጎን አይቀመጥም።

ከትንንሾቹ ቁራጮች 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነው የሕፃን መጥረጊያ ይሆናል። 12 ሳንቲ ሜትር ክብ ሆኖ በሦስት ድርብ የተሰፋው የምታጠባ እናት ከጡቷ የሚፈሰውን ወተት የሚመጥጥ ሲሆን፣ በረጠበ ቁጥር ይለወጣል። ከዚያ ያነሰው ብጣሽ ለመቀመጫ ትራስ ጉዝጓዝ ይውላል እንጂ ለሕፃን መኝታ ትራስ አይሞላበትም። ከማሽኑ ሥር የተጠረገው ብናኝም ከምድጃ ርቆ በተከደነ ዕቃ ይጠራቀማል።