የግድግዳ አበባና ዓይነ አፋር

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ በተንጣለለው የሱሉልታ ሜዳ፣ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ምድሩን ቢጫ ያለብሰዋል። በእንቁጣጣሽም ልጃገረዶች አበባ ይዘው በየደጁ እየዞሩ «አበባየሆሽ» ይላሉ። በዚህ ምድር ያደገ ተማሪ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ «ዎልፍላወር» የሚል ቃል አግኝቶ «የግድግዳ አበባ» ብሎ ቢመልሰው ውዳሴ ይመስለዋል። በእኛ ዘንድ አበባ ደጅ ወጥታ የምትዘፍነው እንጂ ጥግ ይዛ የምትቀመጠው አይደለችምና።

ቃሉ በመጀመሪያ በአሮጌ ቅጥሮች ስንጥቅ ውስጥ የሚበቅል፣ መዓዛው የሚያውድ የአውሮፓ አበባ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ወደ ሰው ተሻገረ። በዘመኑ የእንግሊዝ የዳንስ አዳራሾች ሴት የምትነሣው ወንድ ሲጠይቃት ነበርና፣ ጠያቂ አጥታ ከግድግዳው ሥር የምታመሽ ወጣት ይህ ስም ወጣላት። ልብ እንበል፤ አፋር ትሁን አትሁን የመረመረ የለም። የጠያቂው ጥፋት በተቀማጯ ስም ተጻፈ። አሜሪካኖች ደግሞ ከማዕድ ቤት ስም አወጡ፤ የካርቱን ሠዓሊው ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1924 የፈጠረው «ሚልክቶስት» የተባለ ፈሪ ገጸ ባሕርይ ስሙን ያገኘው በወተት ከራሰ ዳቦ፣ ከሕመምተኛ ምግብ ነው። (ዳቦው ምን በደለ?)

አማርኛ አበባም ዳቦም አልፈለገም፤ ዓይን ላይ ቆመ። አንዱን «ዓይነ አፋር» ሲል ተቃራኒውን «ዓይን አውጣ»፣ «ዓይነ ደረቅ» አለው። «አፈረ» የግዕዙ «ኀፍረት» ዘመድ ነው። በታላቅ ፊት ዓይንን መስበር የጨዋ ልጅ ምልክት በሆነበት ቤት «ዓይነ አፋር» ስድብ አልነበረም፤ ለሙሽራማ ምስጋና ነበር። «ጭምት» ከዚያም ከፍ ይላል። ሆኖም ቋንቋችን የዋህ አይደለም፤ «አንገቱን ደፍቶ አገር አጥፍቶ» እያለ ዝምተኛውን በጎሪጥ ያየዋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ «ይሉኝታ» ነው። «ይሉኛል» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው፤ በውስጡ የሚናገሩት ሌሎች ናቸው፣ ባለቤቱ የሚባልበት ብቻ ነው። ለዚህ ቃል እንግሊዝኛ በአንድ ቃል መልስ የለውም።

እንግዲህ በ1820ዎቹ አዳራሽ የተቀመጠችውን ልጅ «ዓይነ አፋር» ብሎ የሚተረጉም ሰው የዳንሱን ሥርዐት ሰውሮ ጥፋቱን በዓይኗ ላይ ይጭናል። እኔ «ጠያቂ ያጣች» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ቃሉ ወንዱንም ሴቷንም ለሚጠራበት ለዛሬው ጽሑፍ ግን «ጥግ ያዥ» ይበቃል።