የአፍላ ጉርምስና ትምህርት በሞንቴሶሪ ዕቅድ፦ ከእርሻው እስከ ሒሳብ መዝገቡ

የሞንቴሶሪ የማስተማር ዘዴ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በመዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሠፈር የከፈቱት የሕፃናት ቤት ዝናቸውን ከአገራቸው ውጭ ስላዳረሰው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ታላላቆቹ ልጆች የጻፉት ሁሉ በዚያ ዝና ተሸፍኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ከ12 እስከ 15 ዓመት ለሆናቸው ተማሪዎች፣ ማለትም በኢትዮጵያ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ገደማ ለሚገኙት፣ ያቀዱት ትምህርት ለሕፃናቱ ካዘጋጁት ይልቅ ደፋር ነው። ይህ መጣጥፍ የዚያን ትምህርት ይዘት ይመረምራል፤ በሞንቴሶሪ መካከለኛ ደረጃ የሚሰጡት የትምህርት ዓይነቶች በሌላው ትምህርት ቤት ከሚሰጡት እምብዛም እንደማይለዩ፣ ልዩነቱ ያለው የተማሪው ጥያቄ ከየት እንደሚመነጭና የሥራው ዋጋ በምን እንደሚለካ መሆኑንም ያስረዳል።

ሞንቴሶሪ የሰውን ዕድገት እያንዳንዳቸው ስድስት ዓመት በሚፈጁ አራት እርከኖች ይከፍሉታል፤ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያለው ሦስተኛው እርከን ሲሆን፣ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት የሚውለው በዚህ እርከን የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ነው። ሐኪም እንደመሆናቸው ክርክራቸው የሚነሣው ከአካል ነው። በዚህ ዕድሜ ሰውነት በፍጥነት ያድጋል፣ ስሜት ይለዋወጣል፣ ቀድሞ በትጋት ያጠና የነበረው ልጅ ሐሳቡን መሰብሰብ ይከብደዋል፤ ከዚህም የተነሣ ጎረምሳውን በማኅበራዊ ሕይወት ረገድ ገና እንደ ተወለደ ሕፃን ይቆጥሩታል፤ ከቤተሰብ ወጥቶ ወደ ኅብረተሰብ የሚገባ፣ ግን በዚያ ለመቆም ገና ጉልበት ያላገኘ ሰው ነው። የሚያስፈልገውም ሰዎች የሚፈልጉትን ነገር መሥራት እንደሚችል በተግባር አይቶ ለራሱ ዋጋ መስጠቱ ነው፤ በሞንቴሶሪ መምህራን ዘንድ «የራስን ዋጋ ማረጋገጥ» ሊባል የሚችለው ጽንሰ ሐሳብ ይህ ነው። ከዚህ የተገኘው መደምደሚያ የዘመኑን ወላጆች ሳያስደነግጥ አልቀረም፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶች የንባብና የፈተና ጫና በሚጨምሩበት ዕድሜ እርሳቸው ያ ጫና እንዲቀንስ ይጠይቃሉ። ራሳቸው ግን በ1883 እ.ኤ.አ.፣ በ13 ዓመታቸው፣ በሮም ወደሚገኝ የመንግሥት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው ጥብቅ በሆነው ሥርዓት ያለፉ ሴት መሆናቸው ሲታሰብ፣ ዕቅዱ በከፊል ለገዛ ትምህርታቸው የተሰጠ ምላሽ ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

ዕቅዱ «ኤርድኪንደር» የሚል የጀርመንኛ ስም ይዟል፤ የመሬት ልጆች እንደ ማለት ነው። «ከልጅነት ወደ ጉርምስና» በተሰኘውና በ1948 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ በታተመው መጽሐፍ እንደተገለጸው፣ ተማሪዎቹ ከከተማ ወጥተው በገጠር በጋራ ይኖራሉ፤ በዚያም እርሻ፣ ምርት የሚሸጥበት መደብርና እንግዳ የሚያድርበት ማረፊያ ቤት ይኖራል፣ መሣሪያዎችን ፈታትተው የሚገጥሙበትና የሚጠግኑበት የማሽኖች ቤተ መዘክርም ይታከልበታል። የጥናቱ ይዘት በሦስት ዘርፍ የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ራስን መግለጫ ሲሆን ሙዚቃን፣ ሥዕልን፣ ንግግርንና ድራማን ያካትታል። ሁለተኛው የአእምሮና የምግባር መሠረት የሚባለው ሲሆን ግብረ ገብን፣ ሒሳብንና ቋንቋዎችን ይይዛል። ሦስተኛው አጠቃላይ ትምህርት ሰፊው ነው፤ ስለ ምድርና ስለ ሕያዋን ነገሮች፣ ስለ ሰው ልጅ የሥልጣኔ ጉዞና ከዚያ ጋር ስለ ተያያዙት ፊዚክስና ኬሚስትሪ፣ እንዲሁም ስለ ሰው ዘር ታሪክ ይጠናበታል። ዝርዝሩን ብቻ ያነበበ ሰው ከማንኛውም የመንግሥት መርሐ ትምህርት ጋር ቢያስተካክለው አይፈረድበትም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ዝርዝሩ ወደ ሥራ ሲለወጥ ነው። በሰሜን አሜሪካ ይህን ዕቅድ በስፋት ከሞከሩት አንዱ በኦሃዮ ግዛት ሃንትስበርግ በተባለ ቦታ በ2000 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኸርሺ ሞንቴሶሪ የእርሻ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ አዳሪና ተመላላሽ ተማሪዎችን በአንድነት ይቀበላል። በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት «ኦኩፔሽን» የሚባል የጥናት ዓይነት አለ፤ ለእርሻው ከሚያስፈልግ እውነተኛ ሥራ ተነሥቶ ሥራውን ለመሥራት የሚጠይቀውን ሳይንስ ለሳምንታት የሚያጠና ነው። ንብ ማነብን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ቀፎው ክረምቱን እንዲያልፍ ተማሪው የንብ መንጋ በብርድ ጊዜ ሙቀቱን እንዴት እንደሚጠብቅ ማወቅ አለበት፤ ይህ የሥነ ሕይወት ትምህርት ነው። የማር እንጀራው ባለ ስድስት ጎን የሆነበት ምክንያት ወደ ጂኦሜትሪ ይወስደዋል፤ ክፍተት ሳይተዉ ወለልን ከሚሸፍኑት፣ እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ካላቸው ሦስቱ ቅርጾች፣ ከሦስት ማዕዘን፣ ከአራት ማዕዘንና ከስድስት ጎን መካከል፣ ለተመሳሳይ ስፋት አነስተኛ ዙሪያ ያለው ባለ ስድስት ጎኑ በመሆኑ ሰም ይቆጥባል። የውኃ መጠኑ ከ18 በመቶ ገደማ ያለፈ ማር ሊቦካ ስለሚችል፣ መቼ እንደሚቆረጥ መወሰን የመጠነ ይዘት ኬሚስትሪን ይጠይቃል። በመጨረሻም የታሸገው ማሰሮ ዋጋ ይወጣለታል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ምዕራፍ ቅደም ተከተል ሳይሆን ሥራው በሚፈልገው ቅደም ተከተል ይመጣል፤ መምህሩ ደግሞ በትክክለኛው ጊዜ ትምህርቱን ለመስጠት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ይህ ከመደበኛ መምህርነት የከበደ እንጂ የቀለለ ሥራ አይደለም።

ሰብአዊ ጥናቶችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ ታሪክ የሚጠናው በሥልጣኔ ጥያቄዎች ዙሪያ ሲሆን፣ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ቀድመው አንብበው በክብ ተቀምጠው የሚወያዩበት፣ መምህሩም ጥያቄ ብቻ የሚጥልበት ሴሚናር የተለመደ ነው። ሒሳብ ግን ሁሉም ከእርሻ ሊወጣ እንደማይችል መታመን አለበት፤ አልጀብራ የራሱን ተከታታይ ልምምድ ስለሚፈልግ በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ለብቻው ሰዓት ይሰጠዋል። ይህ ዕቅዱን አያፈርሰውም፣ ነገር ግን ሁሉም ዕውቀት ከሥራ ይፈልቃል የሚሉ ደጋፊዎች የሚያጋንኑ መሆናቸውን ያሳያል።

የፕሮግራሙ እምብርት መፈለግ ያለበት በኢኮኖሚው ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ የሚያመርቱትን እንቁላል፣ አትክልት ወይም ማር ይሸጣሉ፣ ገቢና ወጪ ይመዘግባሉ፣ ዋጋ ይተምናሉ፣ ትርፉ ለምን እንደሚውል በጋራ ስብሰባ ይወስናሉ፤ በስብሰባው ላይ የሚደረገው ክርክር ራሱ የሥነ ዜጋ ትምህርት ነው። ሞንቴሶሪ ጎረምሳ ገንዘብ በሥራው ማግኘት አለበት ሲሉ ዓላማቸው ሙያ ማስያዝ አልነበረም፤ ምርት፣ ልውውጥና ገንዘብ ሰዎችን እንዴት እንደሚያስተሳስሩ ከውስጥ ሆኖ እንዲያየው ነው። ለገጠር ኢትዮጵያዊ ልጅ ከብት መጠበቅና ማረም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሥራ ብቻውን ትምህርት ቢሆን ኖሮ የተማሩ እረኞች ሞልተው በነበሩ ነበር። በኤርድኪንደር ዕቅድ ሥራውን ትምህርት የሚያደርገው ሦስት ነገር በአንድ ላይ መገኘቱ ነው፦ ተማሪው ሥራውን ራሱ ማቀዱ፣ ሥራው ያስነሣውን ጥያቄ የሚያጠናበት ጊዜና መምህር ማግኘቱ፣ ውጤቱም በነጥብ ሳይሆን በገበያተኛና በሒሳብ መዝገብ መፈተኑ ነው። የበሰበሰ ቲማቲም በመዝገቡ ላይ ኪሳራ ሆኖ ይጻፋል፤ መምህሩ ሊያልፈው ቢፈልግም ቁጥሩ አያልፈውም።

ሞንቴሶሪ በ1952 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ዕቅዱ በአመዛኙ ንድፍ እንደሆነ ነበር፤ ለመሬት፣ ለአዳሪ ቤትና ለሠራተኛ የሚጠይቀው ወጪ ብዙዎችን ያርቃል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ማስተካከያ ተፈጥሯል። አንደኛው በ1930 እ.ኤ.አ. እንደ ተመሠረተው የአምስተርዳም ሞንቴሶሪ ሊሲየም ያለው ሲሆን፣ የአገሩን ፈተና ተቀብሎ ተማሪው በራሱ ፍጥነት እንዲሠራ ነጻነት የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው የከተማ ፕሮግራም ነው፤ ተማሪዎቹ እርሻ ባይኖራቸውም የትምህርት ቤቱን ምሳ ያዘጋጃሉ፣ አነስተኛ ካፌ ያንቀሳቅሳሉ፣ ወይም በጓሮ አትክልት ያለማሉ። ሁለተኛው ወደ ዕቅዱ መንፈስ ይቀርባል፤ እርሻ ባይኖርም ለሌላ ሰው የሚበላ ምሳ አለና። በአንጻሩ «በራስ ፍጥነት መማር» የሚለውን ብቻ የያዘ ትምህርት ቤት ከሦስተኛው እርከን ዕቅድ ይልቅ የሁለተኛውን እርከን ልማድ ያራዘመ ነው።

ውጤቱን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኬቪን ራተንድና ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። ጥናቱ የሞንቴሶሪና የመደበኛ መካከለኛ ደረጃ ተማሪዎችን አነጻጽሯል፤ ተማሪዎቹ በቀኑ ውስጥ በዘፈቀደ ምልክት በተሰጣቸው ቁጥር ምን እየሠሩና ምን እየተሰማቸው እንደሆነ እንዲጽፉ ተደርጓል። የሞንቴሶሪዎቹ በትምህርት ሥራ ላይ ሳሉ የተሻለ ስሜት፣ ከውስጥ የመነጨ ፍላጎትና በሥራው መመሰጥ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ የወላጆች ምርጫ ያመጣውን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይቻልም፤ ጥናቱም የለካው ተሞክሮን እንጂ የእርሻ ሥራ ብቻውን ያስከተለውን ለውጥ አይደለም።

ስለዚህ አንድ የሞንቴሶሪ መካከለኛ ደረጃ ፕሮግራም ሲመዘን የትምህርት ዓይነቶቹን ዝርዝር መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ሰው የሚፈልገውን ምን እንደሚያመርቱ፣ የሒሳብ መዝገቡን ማን እንደሚይዘውና ኪሳራ ሲመጣ ማን እንደሚወስን ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ «መምህራኑ» ከሆነ ፕሮግራሙ ስሙን እንጂ ዕቅዱን አልያዘም።