ስንት ቁልፍ ይበቃል? የማውስ የስልሳ ዓመት ክርክር

ኮምፒውተር የነካ ሰው ሁሉ ማውስ ያውቃል። ስለ ማውስ ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው ግን ብዙ አይገኝም። ሁለት ቁልፍ፣ መሃል ላይ አንዲት የምትሽከረከር ጎማ፣ በቃ። ለዚህ ነው በጎኑ አሥራ ሁለት ቁልፍ የተደረደረበት፣ በጠቅላላው ሃያ ቁልፍ ያለው ባለ ገመድ የጌም ማውስ ሲያይ ብዙው ሰው ፈገግ የሚለው። «ይሄ ሁሉ ለምን?» ይላል። የልጆች መጫወቻ ይመስለዋል።

ጥያቄው ግን የልጅ ጥያቄ አይደለም። ማውስ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ መሐንዲሶችንና ነጋዴዎችን ሲያከራክር ኖሯል። አንድ መሣሪያ መሠራት ያለበት ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚነካው ሰው ነው ወይስ አሥር ዓመት አብሮት ለሚሠራው? የማውስ ታሪክ የዚህ ክርክር ታሪክ ነው። መልሱ ደግሞ ገንዘባችንን ምን ላይ እንደምናወጣ፣ እጃችንንም በምን እንደምናደክም ይወስናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ባለ ጅራቱ እንጨት

ዳግላስ ኤንግልባርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የራዳር ቴክኒሻን ሆኖ ፊሊፒንስ የደረሰ ወጣት ነበር። ኋላ ስለ ኮምፒውተር ሲያነብ ትዝ ያለው የራዳሩ ስክሪን ነው። ማሽን ስክሪን ላይ ምልክት ማሳየት ከቻለ፣ ሰውም ፊቱ ተቀምጦ እያዘዘው ሊያስብበት ይችላል አለ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ በተበሳ ካርድ የሚመገብ ማሽን ነበርና ሐሳቡን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር።

በ1964 ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ የመጀመሪያውን ማውስ ሠራለት። የተቦረቦረ እንጨት፣ ከሥሩ አንዱ ወደ ጎን አንዱ ወደ ፊት የሚዞሩ ሁለት ጎማዎች፣ ከላይ አንዲት ቁልፍ። ገመዱ ጅራት ስለሚመስል «አይጥ» ተባለ፤ ስሙን ማን እንዳወጣው ግን ቡድኑ ራሱ አላስታወሰም። ሰዎቹ በግምት አልሄዱም። ከብርሃን ብዕር፣ ከጆይስቲክ፣ ጠረጴዛ ሥር ተገጥሞ በጉልበት ከሚታዘዝ መሣሪያ ጋር ሳይቀር አወዳደሩት። በተለማመዱ ሰዎች እጅ ፈጣኑም ትክክለኛውም ማውስ ሆኖ ተገኘ። «በተለማመዱ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ኤንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ሺህ ገደማ የሙያ ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ለ90 ደቂቃ ሥራውን አሳየ። በቀኝ እጁ የያዘው ማውስ አሁን ሦስት ቁልፍ ነበረው። ብዙ ሰው የሚረሳው ግራ እጁን ነው። ግራ እጁ ሥር አምስት ቁልፎች ብቻ ያሉት ትንሽ መሣሪያ ተቀምጦ ነበር። እንደ ፒያኖ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ሲጫኗቸው 31 የተለያዩ ምልክቶች ይሰጣሉ። ከማውሱ ቁልፎች ጋር ሲቀናጁ ደግሞ ቁጥሩ ይበዛል። ሰውየው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ እጁን ከቦታው ሳያነሳ ይጽፋል፣ ይቆርጣል፣ ያዛውራል።

ለምን ሦስት ቁልፍ? ለተጨማሪ ቁልፍ ቦታ ስላልነበረ ነው። ኤንግልባርት ከዚያ በላይ ቢኖር ደስ ይለው ነበር። አቋሙን ሲያስረዳ የብስክሌት ምሳሌ ያነሳ ነበር፦ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ማንም ወጥቶ ይነዳዋል፣ ሩቅ ግን አያደርስም። ሁለት ጎማ ያለው ይጥላል፣ ያስለቅሳል፤ ከለመዱት በኋላ ግን ማን ወደ ሦስት ጎማ ይመለሳል?

ለእውነቱ ያህል፣ ከዚህ ትርኢት ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የጀርመኑ ቴሌፉንከን ከሥሩ ኳስ የሚሽከረከርበት ተመሳሳይ መሣሪያ ለደንበኞቹ አቅርቦ ነበር። አንዲት ቁልፍ ብቻ ነበረችው። ክርክሩ ገና ከማለዳው ሁለት ወገን ይዞ ነበር ማለት ነው።

▪️ አንድ ቁልፍ ያሸነፈበት ዘመን

ቢል ኢንግሊሽ ወደ ዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሄደ። በ1973 የተሠራው አልቶ የተባለው ኮምፒውተር ባለ ሦስት ቁልፍ ማውስ ይዞ ወጣ። በ1981 ዜሮክስ ስታር የተባለውን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ መሐንዲሶቹ የቁልፉን ቁጥር በአዳዲስ ተጠቃሚዎች ላይ ሞክረው ሁለት ላይ ቆሙ። ማሽኑ ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበርና እቤቱ ያስገባው ሰው አልነበረም።

ታሪኩን የቀየረው አፕል ነው። ስቲቭ ጆብስ በ1979 መጨረሻ ዜሮክስን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ማውሱ ርካሽና የማይበላሽ ሆኖ እንደገና እንዲሠራ አዘዘ። ከዜሮክስ የመጣው ላሪ ቴስለር ደግሞ ቁልፉ አንድ ብቻ ይሁን ብሎ ተከራከረ። በ1983 ሊሳ፣ በጥር 1984 ማኪንቶሽ፣ ሁለቱም ባለ አንድ ቁልፍ ሆነው ወጡ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ በ1983 ባለ ሁለት ቁልፍ ማውሱን በ195 ዶላር ሸጠ።

የአፕልን ውሳኔ ማቃለል ፍትሐዊ አይሆንም። በ1984 ማኪንቶሽ ፊት የተቀመጠው ሰው በሕይወቱ ማውስ አይቶ አያውቅም። «የቱን ልጫን?» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነበር። አንድ ቁልፍ ካለ መሳሳት አይቻልም። ኮምፒውተር ከላቦራቶሪ ወጥቶ ጸሐፊዋና ተማሪው ጠረጴዛ ላይ የደረሰው በዚህ ዓይነቱ ርኅራኄ ጭምር ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሥራው አልቀነሰም። ከቁልፎቹ አንዱ ሲነሳ ሥራው ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መጫን መጣ። ቆየት ብሎ ደግሞ ኪቦርዱ ላይ ኮንትሮልን ይዞ ማውሱን መጫን መጣ። የቁልፉ ተግባር ከቀኝ ጣት ወደ ግራ እጅ፣ ከእጅም ወደ ማስታወስ ተዛወረ። ዊንዶውስ 95 በቀኝ ቁልፍ የሚወጣውን የምርጫ ዝርዝር ሁሉም ሰው ዘንድ ሲያደርስ፣ አፕል ራሱ ከአንድ ቁልፍ በላይ የሚሠራ ማውስ ያወጣው በ2005 ነው፤ ከማኪንቶሽ 21 ዓመት በኋላ።

▪️ የጌመሮች መልስ

የኤንግልባርትን ሐሳብ ከሙዚየም ያወጡት ምሁራን አልነበሩም። ጌም ተጫዋቾች ናቸው።

በ1996 ማይክሮሶፍት መሃል ላይ ጎማ ያላትን ማውስ አወጣ። በዚያው ዓመት ኩዌክ የተባለው የተኩስ ጌም ወጣ። ተጫዋቾች ቀኝ እጅ ለማነጣጠር፣ ግራ እጅ ኪቦርድ ላይ ለመራመድ መመደብ ጀመሩ። በዚህ ስልት የታወቀው ዴኒስ ፎንግ በ1997 በኩዌክ ውድድር አሸንፎ የጌሙን ሠሪ የጆን ካርማክን ፌራሪ መኪና ወሰደ። ማውስ ለአንድ ሰው ፌራሪ ካስገኘ በኋላ ቀልድ መሆኑ ቀረ። በ1999 ሬዘር ለጌም ብቻ የታሰበውን ቡምስላንግ ይዞ መጣ፤ ማይክሮሶፍትም ለአውራ ጣት ሁለት ቁልፍ ጨመረ።

ሁለተኛው ማዕበል በ2004 ከወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጋር መጣ። እዚህ ጌም ውስጥ ዋናው ነገር ማነጣጠር አይደለም። ተጫዋቹ በደርዘን የሚቆጠሩ ትእዛዞችን በየሰከንዱ እየመረጠ ያዝዛል። ሁለት ቁልፍ አልበቃም። በ2009 ሬዘር ናጋን አወጣ፤ አውራ ጣት ሥር አሥራ ሁለት ቁልፍ። በ2012 ሎጂቴክ ጂ600ን አስከተለ፤ በጠቅላላው ሃያ ቁልፍ። የጂ600 ልዩ ነገር በቀለበት ጣት የሚጫኑት ሦስተኛው ትልቅ ቁልፍ ነው። እሱን ይዘው ሌላውን ሲጫኑ የሁሉም ቁልፍ ትርጉም ይቀየራል። አሥራ ሁለቱ የጎን ቁልፎች ሃያ አራት ይሆናሉ።

ይህን የት አየነው? በ1968፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ። ሁለት ቁልፍ አብሮ ተጭኖ ሦስተኛ ትርጉም ማውጣት የኤንግልባርት ዘዴ ነው። ግራ እጁ ሥር የነበረው መሣሪያ ተዛውሮ ቀኝ አውራ ጣት ሥር ገባ። ኤንግልባርት ሐምሌ 2 ቀን 2013 አረፈ። የማውሱ የፈጠራ መብት በ1970 ተሰጥቶ በ1987 ጊዜው አልፏል፤ በመቶ ሚሊዮኖች ከተሸጠው መሣሪያ የባለቤትነት ድርሻ ሳያገኝ ነው የሞተው።

▪️ እንግዲህ ለማን ይጠቅማል?

ታሪኩ ሚዛን ይሰጠናል። ጂ600ንና መሰሎቹን በዚያ ሚዛን በየሥራው እንያቸው።

ለተኩስ ጌም፦ አይሆንም። ጂ600 133 ግራም ገደማ ይመዝናል። የዚሁ ኩባንያ በ2020 የወጣው የውድድር ማውስ ከ63 ግራም በታች ነው። በፍጥነት ለሚያነጣጥር እጅ ክብደት ጠላት ነው፤ ማውሱን ጨበጥ ሲያደርጉትም አውራ ጣት ያላሰበውን ቁልፍ ይነካል።

ለቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ለግራፊክስና ለመጽሔት ሌይአውት፦ እዚህ ዋጋውን ይመልሳል። መቁረጥ፣ መመለስ፣ ማጉላት፣ ማስቀመጥ በቀን ሺህ ጊዜ የሚደጋገሙ ሥራዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው አውራ ጣት ሥር ሲገቡ እጅ ወደ ኪቦርድ የሚያደርገው ምልልስ ይቀራል።

ለሒሳብ ሠራተኛ፦ የቁጥር ረድፍ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ኤክሴል ለሚሞላ ሰው አሥራ ሁለቱ ቁልፎች ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ይዘው ሁለት ይተርፋሉ።

ለእኛ ለጋዜጠኞች፦ ቃለ መጠይቅ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማስቆም፣ አምስት ሰከንድ ወደ ኋላ መመለስ፣ ማስቀጠል። ሦስት ቁልፍ ለዚህ ቢመደብ የግማሽ ቀን ሥራ እረፍት ያገኛል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ኪቦርድ የሚቀይሩት አልት እና ሺፍት ደግሞ አንድ ቁልፍ ላይ ቢገቡ ጣት ያመሰግናል።

በአንድ እጁ ለሚሠራ ሰው፦ ብዙ ቁልፍ ቅንጦት አይደለም፤ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ የሚያዝበት መንገድ ነው። ግራኞች ግን ይጠንቀቁ፤ አብዛኞቹ የሚቀረጹት ለቀኝ መዳፍ ብቻ ነው።

ደብዳቤ ለሚጽፍና ዜና ለሚያነብ፦ አያስፈልግም። ባለ ሁለት ቁልፉ ይበቃል፤ የተረፈው ገንዘብ ሌላ ሥራ ይሥራ።

ስለ ገመዱም አንድ ነገር። የዛሬ ምርጥ ዋየርለሶች በፍጥነት ከገመድ አያንሱም። ገመድ ግን ባትሪ አይጠይቅም፤ በሥራ መሃል አይጠፋም፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ተራ ዩኤስቢ ማውስ በየ8 ሚሊሰከንዱ፣ የጌሙ ማውስ ደግሞ በየ1 ሚሊሰከንዱ ቦታውን ለኮምፒውተሩ ይነግራል። የገመድ ድካሙ ከማውሱ የሚወጣበት አንገት ላይ ነው፤ እዚያ ጋ መታጠፍ ይገለዋል። ስትገዙ ደግሞ የቁልፎቹ ምደባ ማውሱ ውስጥ ራሱ የሚቀመጥ መሆኑን ጠይቁ። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚዞር፣ በመሥሪያ ቤት ማሽን ላይ ሶፍትዌር መጫን የማይፈቀድለት ሰው ያለዚህ ሃያ ቁልፍ ገዝቶ በሁለት ይሠራል።

▪️ የመጀመሪያው ቀን ፍርድ

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ቃል እንመለስ፤ «በተለማመዱ»። ሱቅ ውስጥ መሣሪያን የምንመዝነው ለአምስት ደቂቃ ነው። በአምስት ደቂቃ ሚዛን ቀላሉ ሁልጊዜ ያሸንፋል። አምራቹም ይህን ስለሚያውቅ ለአምስቱ ደቂቃ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ያሉትን አሥር ዓመታት የሚከፍለው ሠራተኛው ነው፤ በጊዜው፣ በእጁ አንጓ፣ በትከሻው።

ለዚህ ሩቅ ሄደን ምስክር መጥራት አያስፈልገንም። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ምስክር ነው። ከሁለት መቶ በላይ ፊደላችን ሃያ ስድስት የላቲን ቁልፍ ላይ የሚያርፈው በቅንጅት ነው፤ አንዱን ተጭኖ ሌላውን በማስከተል። ፓወር ግዕዝ ላይ ያደጉትን የጽሕፈት ሠራተኞች ተመልከቱ። የመጀመሪያ ሳምንታቸው ፈተና ነበር። ዛሬ ጣታቸውን ሳያዩ ይጽፋሉ። «ከባድ ነውና ፊደሉን እንቀንሰው» ብለን ቢሆን ኖሮ የምናጣውን አስቡት።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ሥራችሁ በቀን መቶ ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ ባለ ብዙ ቁልፉን አትናቁ። ከገዛችሁት ግን ሃያውን በአንድ ቀን አትሙሉት። በሳምንት ሦስት ሦስት መድቡ፤ አውራ ጣት ሳያስብ ሲያገኛቸው ቀጣዮቹን ጨምሩ። ወር ሳይሞላ የማትነኩት ቁልፍ ካለ ባዶውን ተዉት፤ የማያስፈልግ ነገር አለማብዛትም ሙያ ነው።

አፕል ጀማሪውን አከበረ፣ ኤንግልባርት የሠለጠነውን። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ልዩነቱ ስለየትኛው ቀን እንደሚያወሩ ነው። አብዛኛው የሥራ ዕድሜያችን ያለው ግን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ነው።