ስም ያላቸው ብረቶች፣ ስም ያጡ ማዕዘኖች፤ የመኪና እግር ቃላት ታሪክ ከከዚራ ጋራዦች አንጻር

1. መነሻ

አንድ ባዕድ መሣሪያ ወደ አንድ አገር ሲገባ ስሙን አስከትሎ እንደሚገባ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ነገር ሁሉ ስም አያገኝም። በእጅ የሚያዘው፣ በገበያ የሚገዛው፣ ሲሰበር የሚለወጠው ክፍል ቶሎ ይሰየማል፤ በዐይን የማይታየው፣ በመሣሪያ ብቻ የሚለካው ጠባይ ግን ሳይሰየም ብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ልዩነት በአንድ ጠባብ የቃላት መስክ፣ ማለትም በመኪና ጎማና በአቅጣጫው ቃላት፣ ለማሳየት እንሞክራለን።

ጉዳዩን ለማንሣት ያነሣሣን በየከተማው እየተለመደ የመጣ አንድ ሥራ ነው። ላንድክሩዘርን የመሳሰሉ የመስክ መኪኖች ከፍታ ይጨመርላቸዋል፤ ከፋብሪካ ይዘውት ከመጡት የሚበልጥ ጎማም ይገጠምላቸዋል። ከዚያ በኋላ የጎማዎቹ አቅጣጫ መስተካከል ይኖርበታል። ይህን ሥራ የሚያስረዳ የባዕድ መምሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ግማሹን ገጽ ያለ ችግር ይጽፈዋል፤ በሌላው ግማሽ ላይ ግን ቃል ያጣል። ቃል ያጣበትን ቦታ ለመረዳት ወደ ድሬዳዋ፣ በተለይም ወደ ከዚራ፣ መሄድ ይጠቅማል።

2. የባቡሩ ቋንቋ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከተማይቱም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው መስመር ወደ ፊት እስኪቀጥል ድረስ ድሬዳዋ የመንገዱ መጨረሻ፣ ከዚያም በኋላ የጥገናው ማዕከል ሆና ቆየች። የደቻቱ ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላል፤ በአንድ ወገን መጋላ፣ በሌላው ወገን በባቡሩ ኩባንያ ፕላን የተሠራው ከዚራ ይገኛሉ። በዚህች ከተማ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪና ዐረብኛ በአንድ ገበያ ሲነገሩ፣ የጣቢያውና የጥገና ክፍሉ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ።

በአማርኛ የመኪና ቃላት ውስጥ የፈረንሳይኛው ንጣፍ ዛሬም በድምፅ ይለያል። «ጋራዥ» በመጨረሻ ፊደሉ፣ «ሾፌር» በመነሻ ፊደሉ የመጣበትን ቋንቋ ይመሰክራል። «ፍሬን» ከጣልያንኛው «ፍሬኖ» ይልቅ ለፈረንሳይኛው ይቀርባል፤ «ብሎን»ም ከ«ቡሎኔ» ይልቅ የፈረንሳይኛውን አጨራረስ ይዟል። ከባቡሩ ራሱ «ፉርጎ» አለ፤ በአዲስ አበባም የጣቢያው ስም «ለገሀር» ሆኖ ቀርቷል። «ክሪክ» ግን በሁለቱም ቋንቋዎች ስላለ በቅርጹ ብቻ ለአንዱ ሊሰጥ አይችልም።

3. የጣልያንኛው ንጣፍ

ወደ መኪናው እግር ስንወርድ ፈረንሳይኛው ይሳሳል፤ ጣልያንኛው ይወፍራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን እጅግ ብዙ የጭነት መኪና ወደ አገር ገብቷል፤ መንገዶችም ተሠርተዋል፤ ከነፃነት በኋላም በየከተማው የቀሩ ጣልያናዊ ባለሙያዎች ብዙ ወጣቶችን በጋራዥ አሠልጥነዋል። «ጎማ»፣ «ቸርኬ»፣ «ካላማዳርያ»፣ «ባሌስትራ»፣ «ሞላ»፣ «ኩሽኔታ»፣ «ፓራፋንጎ»፣ «ስኮርታ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ካምቢዮ» የዚህ ንጣፍ ቃላት ናቸው። ጎማ የሚጠግነው ሰውና ቤቱም «ጎሚስታ» ይባላሉ።

እነዚህ ቃላት በጽሑፍ ሳይሆን በአፍ ስለ ገቡ የአማርኛን የድምፅ ጠባይ ተቀብለዋል። ለምሳሌ «ካላማዳርያ» የአየር ጓዳ ከሚል ፍች ካለው «ካሜራ ዳርያ» የመጣ ነው። «ር» ወደ «ል» ተለውጧል፤ ከዚያም «ም» እና «ል» ቦታ ተለዋውጠዋል። በልዩ ልዩ አካባቢ የተለያየ አጻጻፍ ያለውም ስለዚህ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ አንዱን መርጦ ሌሎቹን በማመልከቻ ቢያስገባ እንጂ «ትክክለኛው» ጣልያንኛውን የሚመስለው ነው ቢል ስሕተት ይሆናል፤ ቃሉ አሁን የአማርኛ ነውና።

ልብ ሊባል የሚገባው ዐቢይ ነገር ግን ሌላ ነው። ከሁለቱም ንጣፎች የተወሰዱት ከሞላ ጎደል ስሞች ናቸው። ግሦቹ አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። ጎማ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፣ ይፈነዳል፣ ያልቃል፤ ብሎን ይጠብቃል፣ ይላላል፤ መሪ ይከብዳል፣ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ መኪናው «ጎማ ይበላል»። ባለሙያው ብረቱን በጣልያንኛ ጠርቶ ብረቱ የሚያደርገውን በአማርኛ ይናገራል። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

4. የሊቃውንቱ ቃላት ወዴት ሄዱ?

«ጎማ» የገባው አማርኛ ቃል አጥቶ አልነበረም። ከግእዝ የወረስነው «መንኮራኩር» በትንቢተ ሕዝቅኤል የታወቀ፣ የሚሽከረከረውን እግር በትክክል የሚሰይም ቃል ነው። ሆኖም ጋራዥ አልገባም። ይልቁንም የጠፈር ጉዞ ዜና ሲመጣ «የጠፈር መንኮራኩር» ተብሎ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ዛሬ ብዙ አንባቢ ቃሉን ሲሰማ የሚያስበው እግሩን ሳይሆን በሕዋ የሚበረውን ነው። በሌላ በኩል «ተሽከርካሪ» የሚለው የራሳችን ምሥረታ በሕግ፣ በመንጃ ፈቃድና በመንገድ ምልክት ቋንቋ ጸንቷል፤ «አሽከርካሪ»ም እንዲሁ። ልዩነቱ የቃሉ ውበት አይደለም። «ተሽከርካሪ» የሚያስፈልገው ቢሮ ነበረው፤ «መንኮራኩር» ግን ጋራዥ ሲደርስ ቦታው ተይዞ አገኘው።

ድሬዳዋ ለዚህ ሐሳብ ልዩ ምስክር ናት። መምህር ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ የሠሩት በዚህችው ከተማ፣ በካቶሊካውያን ሚሲዮን የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት አካባቢ ነበር። የመምህሩ የግእዝ መዝገበ ቃላት በደስታ ተክለ ወልድ ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታትመዋል። የግእዝ ሥር እየተመረመረ፣ እርባታ እየተቈጠረ በነበረበት በዚያችው ከተማ በባቡሩ የጥገና ክፍል ሌላ የቃላት ሥራ ያለ ብዕር ይካሄድ ነበር። የሁለቱ ሥራዎች ፍሬ በአንድ ገጽ ላይ እንዲገናኝ ማድረግ ከእነርሱ በኋላ ለመጣነው የቀረ ተግባር ነው።

5. ስም ያጡት ማዕዘኖች

አሁን ከፍታ ወደ ተጨመረለት መኪና እንመለስ። አስቀድሞ «ትልቅ ጎማ» የሚለው አነጋገር ራሱ አሻሚ ነው፤ ስፋቱን፣ ቁመቱን ወይም የቸርኬውን ቁጥር ሊያመለክት ይችላል። 265/70 አር 16 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ስፋቱ 265 ሚሊሜትር ነው፤ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ ነው፤ ቸርኬው 16 ኢንች ነው። ጠቅላላ ቁመቱ 777 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በምትኩ 285/75 አር 16 ቢገጠም ቁመቱ ወደ 834 ሚሊሜትር ያድጋል፤ ቸርኬው ግን ያው ነው። መኪናው ከመሬት የሚነሣው የልዩነቱን ግማሽ፣ ማለትም 28 ሚሊሜትር ያህል፣ ብቻ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው ካልተስተካከለ 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 107 ኪሎሜትር ይጠጋል። መሪ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ከተፈለገም በሞላ ወይም በባሌስትራ ከፍታ ይጨመራል። ይህን ሥራ «ማንሣት» ብሎ መተርጎም በክሪክ ከማንሣት ጋር፣ «ማስነሣት» ማለትም ሞተር ከማስነሣት ጋር ያደናግራል፤ «ከፍታ መጨመር» ይሻላል።

ከፍታው ሲጨመር ሦስት ነገሮች ይናጋሉ። አንደኛው፣ ጎማው ከፊት ሲታይ ራሱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ማዕዘን ነው። ሁለተኛው፣ ጎማው ለመሪ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ራሱ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ማዕዘን ነው። ሦስተኛው፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከላይ ሲታዩ በፊት ጠርዛቸው የሚቀራረቡበት ወይም የሚራራቁበት መጠን ነው። እያንዳንዱ የተለየ ጉዳት ያመጣል። የፊት ጎማዎቹ በየግላቸው በተንጠለጠሉበት መኪና አንደኛውና ሦስተኛው ስለሚለወጡ ጎማው በአንድ ጠርዙ ይበላል። እንደ 80 ተከታታይ ላንድክሩዘር አንድ ወጥ የፊት ዘንግ ባለው መኪና ግን አንደኛው አይነካም፤ ዘንጉ በሙሉ ስለሚዞር ሁለተኛው ይቀንሳል፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ መመለሱን ይተዋል፤ መኪናውም በፍጥነት ሲሄድ ይዋልላል። በማስተካከሉም ቅደም ተከተል አለ፤ ሦስተኛው በመጨረሻ ይሠራል፤ የሁለቱ መነካት እርሱን ያናጋዋልና።

በጋራዦቻችን ለሦስቱም ያለው ስም አንድ ነው፤ «አላይመንት»። የሕመሙ ቃላት፣ «ይስባል»፣ «ይዋልላል»፣ «አይመለስም»፣ «ጎማ ይበላል» የሚሉት፣ ሁሉም ጥሩ አማርኛ ናቸው፤ የምክንያቱ ቃል ግን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነው። ባለሙያው ጉድለቱን በእጁና በመለኪያው ይሞላል። ተርጓሚው ግን እጅ የለውም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው። «ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ አንደኛውን፣ በመጨረሻ ሦስተኛውን አስተካክል» የሚለው መምሪያ በእኛ ቋንቋ «አላይመንቱን፣ ቀጥሎ አላይመንቱን፣ በመጨረሻ አላይመንቱን አስተካክል» ይሆናል ማለት ነው። የዳገቱንና የጠመዝማዛውን የደንገጎን መንገድ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ የጎማን ክብደት በዙሪያው እኩል ማድረግ፣ ማለትም «ባላንስ»፣ አንዳንዴ «ማስተካከል» በሚል በዚሁ ቃል መተርጎሙ ነው።

6. ሊቀርቡ የሚችሉ ስያሜዎች

ከላይ እንዳየነው የአማርኛ ጋራዥ ብረትን በተውሶ፣ ድርጊትንና ሁኔታን በራሱ ግሥ ይሰይማል። ማዕዘን ሁኔታ እንጂ ብረት ስላልሆነ ስሙም ከግሥ ቢወጣ የጋራዡን የራሱን ልማድ መከተል ይሆናል። ቋንቋችን ለዚህ የተመቸ መንገድ አለው፤ ከ«ዝም አለ» ዝምታ፣ ከ«ፀጥ አለ» ፀጥታ፣ ከ«ቸል አለ» ቸልታ፣ ከ«እፎይ አለ» እፎይታ ይወጣሉ። በዚሁ መሠረት የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

ዘንበልታ፤ ጎማው ከፊት ሲታይ ራሱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዘንበል የማለቱ መጠን፤ በዲግሪ ይለካል። «ዝንባሌ» ለልብና ለሐሳብ ስለ ተያዘ አልመረጥነውም።

ጋደልታ፤ የመሪው መዞሪያ ዘንግ ከጎን ሲታይ ራሱ ወደ ኋላ ጋደል የማለቱ መጠን። «ዘንበል» እና «ጋደል» ተቀራራቢ ስለሆኑ በመጀመሪያ ጥቅም ላይ ሲውሉ «የጎማ ዘንበልታ» እና «የዘንግ ጋደልታ» ተብለው ቢጻፉ አይምታቱም።

የጠርዝ ልዩነት፤ በሁለቱ ጎማዎች የፊት ጠርዞችና የኋላ ጠርዞች መካከል ባለው ርቀት ያለው ልዩነት፤ ፊቱ ከጠበበ «የጠርዝ መቀራረብ»፣ ከሰፋ «የጠርዝ መራራቅ»።

ማቅናት፤ የሦስቱ ጠቅላላ ሥራ። «ጎማ ማቅናት» የ«አላይመንት» አቻ ይሆናል። «ባላንስ» ግን «ጎማ ማመዛዘን» ቢባል ሁለቱ ለዘለቄታው ይለያያሉ።

«አላይመንት»ን ከአፍ ለማውጣት መታገል አያስፈልግም። «ጎማ»ን ማንም አላስወጣውም፤ ማስወጣትም አይገባም ነበር። ጠቅላላው ስም በተውሶ ቢቀጥል ጉዳት የለውም፤ ሊጎድሉ የማይገባቸው በውስጡ ያሉት ሦስቱ ናቸው።

7. ማጠቃለያ

ከባቡሩ ዘመን እስከ ዛሬ የመኪና እግር ቃላት በሦስት ንጣፍ ተደራርበዋል፤ ፈረንሳይኛው ቤቱንና ሰውየውን፣ ጣልያንኛው ብረቱን፣ እንግሊዝኛው የመለኪያውን ሥራ ሰይመዋል። የአማርኛው ድርሻ ግሡ ነው። ስለዚህ አዲስ ስያሜ የሚያቀርብ ሰው መዝገበ ቃላቱን ከመክፈቱ በፊት ባለሙያው ሥራውን በምን ግሥ እንደሚናገረው ቢያዳምጥ ይጠቅመዋል። ከላይ የቀረቡት ቃላት መፈተን የሚገባቸውም በጉባኤ ብቻ ሳይሆን በጋራዥ ነው፤ ሁለት ባለሙያዎች በመኪናው ሁለት ወገን ቆመው፣ አንዱ «ዘንበልታው አልቆ ጋደልታው ቀርቷል» ሲል ሌላው የቱን ብሎን እንደሚያላላ ከተረዳ ቃሉ ሠርቷል ማለት ነው።